ሁለት ሰከንድ

ሯጭ ሲታመም ሐኪሙ ይበዛል። ቀነኒሳ በቀለ በ2002 ዓ.ም. ባቱን ሲታመም አገር ምድሩ ሐኪም ሆነለት፤ «በቃ፣ አበቃለት!» ያለም አልጠፋም። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ዴጉ ላይ 10 ሺውን አቋርጦ ወጣ። ወርቁን የአገሩ ልጅ ኢብራሂም ጄይላን ቢያመጣም «ቀነኒሳስ?» መባሉ አልቀረም።

መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በመስቀል ማግስት፣ እዚሁ ሴቻ ቴሌቪዥን ከበን በርሊንን አየን። ወደ ኋላ ቀረ፤ ዝም አልን። ደረሰባቸው፤ ጮኽን። በ2:01:41 አንደኛ ገባ። ያኔ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የራቀው 2 ሰከንድ ነው። ወዲያው ከመሀላችን «ምናለ ትንሽ ቢፈጥን!» የሚል ድምፅ ወጣ። እንዴ! ስንት ጊዜ የታመመ እግር አሸንፎ መጥቶ 2 ሰከንድ ዕዳ ይቆጠርበታል?

ነገሩ የሩጫ ብቻ አይደለም። ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ ወርደን፣ ከሸማ በተገኘ ገንዘብ ተምረን ግቢ የገባን ብዙዎቻችን የአንድ ቤት ቀነኒሳ ነን። እናት አባት ሰዓት ይዘው ይጠብቁናል። መጠበቅ ፍቅር ነው፤ ማን ይክዳል? ግን ሯጩ ሥጋ ለባሽ መሆኑ ከተረሳ ፍቅሩ ሸክም ይሆናል። እንግዲህ ወገኖች፣ ጀግናችን ሲያነክስ አስቀድመን «እግርህ እንዴት ነው?» እንበለው። ሰዓቱን በኋላ እንጠይቃለን።