ስም ያጣ ሥራ፦ የአንድ የዲላ ልጅ ክረምት

ዲላ ላይ ገንዘብና የወጣት ዕረፍት አይገጣጠሙም። ገንዘቡ የሚመጣው ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ እሸት ቡና ሲለቀም ነው። ያኔ ዱቤ ይከፈላል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ ከሞያሌ መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች እስከ ምሽት አይዘጉም። ወጣቱ ግን ጓደኛ የሚሰበስበው፣ የሚያፈቅረውና የሚለያየው በክረምት ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ። በዚያ ጊዜ ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው፣ ኪሱም ባዶ ነው።

ስለዚህ በጌዴኦ ክረምት «ቡና ሲደርስ» እየተባለ የሚኖርበት ወቅት ነው። ገበሬው ለባለ ሱቁ «ቡና ሲደርስ እከፍላለሁ» ይላል። አባት ለልጁ «ቡና ሲደርስ ጫማ ይገዛልሃል» ይላል። ይህ ቃል ክፋት የለውም፤ አካባቢው በእንሰትና በቡና ተሳስቦ የኖረው እንዲህ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብም ያየው ይህንኑ ነው፤ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጎን ቡና፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ።

ችግሩ የሚመጣው ክረምት ላይ የተሠራ ሥራም «ቡና ሲደርስ» ሲባልበት ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ሥራ መሆኑ ሲካድ።

እስኪ የአንድ ልጅ ክረምት ይቆጠር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እንደሱ ያለ ልጅ ዲላ ውስጥ በየሰፈሩ አለ። በ2016 ክረምት 21 ዓመቱ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው ጥቅምት 2015 ላይ፣ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠበት ዙር ነው። በዚያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። እሱ ከቀሩት ውስጥ ነበር፤ ለሬሜዲያልም አልደረሰም። ከዚያ በኋላ የድምፅ መሣሪያ የሚያከራይ ሰውዬ ዘንድ ገባ። ሞንታርቦ ይሸከማል፣ ኬብል ይዘረጋል፣ ጀነሬተር ያስነሳል፣ ዝግጅቱ ሲያልቅ ሁሉንም ጠቅልሎ መኪና ላይ ይጭናል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ይገባል፤ ጠዋት አራት ሰዓት ድረስ ይተኛል። ሰፈሩ የሚያየው መተኛቱን ነው።

«አንተ ልጅ፣ ክረምቱን በዘፈን ልትጨርሰው ነው?» ይሉታል አጎቱ በመጡ ቁጥር። «ቦዘኔ» የሚለውን ቃል ፊት ለፊት አይሉትም፤ ለእናቱ ነው የሚሏት፣ እሱ ግን ግድግዳው ማዶ ሆኖ ይሰማል።

አንድ ነገር ግን ነበረው። የሠራበትን ቀን በደብተር ይጽፋል። ቀን፣ ቦታ፣ የተከፈለ፣ ያልተከፈለ።

የሰኔ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የቤተ ክርስቲያን ናቸው። ጌዴኦ ላይ ከምእመኑ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ የወጣቶች ኮንፈረንስ ይበዛል። ልጁ ወናጎና ይርጋጨፌ ድረስ ሞንታርቦ ጭኖ ሄዷል። እዚያ የኮሚቴው ሰዎች ምሳ ያበሉታል፣ ይጸልዩለታል፣ ፕሮግራሙ ሳያልቅ ይከፍሉታል። ያቺው ሞንታርቦ በሳምንቱ የባዛር መድረክ ላይ ትቆማለች። ያው ክብደት፣ ያው ኬብል፣ ያው ትከሻ ነው። እናቱ በኮንፈረንሱ ቀን «ልጄ ሲያገለግል ዋለ» ትላለች። በባዛሩ ቀን ደግሞ የት እንደሄደ ጎረቤት ሲጠይቃት ወሬ ትቀይራለች።

ሐምሌ ሲገባ የሚወዳት ልጅ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ግቢ ገባች። ተፈታኞች ስልክ ይዘው አይገቡም፤ ስለዚህ ለቀናት ድምፅዋ ጠፋ። ሐምሌ 7 ሌሊት ስፔን እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ የአውሮፓ ዋንጫ ስትወስድ እሱ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ነበር። አራቱ የከፈሉት በአንዱ ገንዘብ ነው። የከፈለው ባጃጅ የሚነዳው ነበር፤ በክረምት ዲላ ላይ በየቀኑ ብር የሚይዝ ጓደኛ ባለ ባጃጅ ብቻ ነው። ሁለቱ ሌሎች አንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንዱ የስልክ ጠጋኝ ናቸው። እነዚህ ልጆች ማን ለማን ስንት እንዳወጣ አይቆጥሩም ይባላል፤ ውሸት ነው፣ ይቆጥራሉ። ግን ቡና እስኪደርስ አይጠያየቁም።

ከዚያ ሐምሌ 15 መጣ። በዚያው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎፋ ዞን ውስጥ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ቀበረ። ከሞቱት ውስጥ ጎረቤታቸውን ሊያወጡ ሲቆፍሩ ሁለተኛ የተናደው አፈር የዋጣቸው ነበሩ። ከሐምሌ 20 ጀምሮ ለሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ልጁና ባልደረቦቹ በዚያ ሳምንት አንድ መድረክ ለማቆም ሁለት ቀን ሠርተው ነበር። ዝግጅቱ ተሰረዘ፤ መሰረዙ ተገቢ ነበር፣ እነሱም አላጉረመረሙም። መድረኩን ያቆሙትም ያፈረሱትም እነሱ ናቸው። አዘጋጁ ግን «ዝግጅት ከሌለ ምን ይከፈላል?» አለ። ሐዘን ላይ ስለ ገንዘብ መናገር ነውር ሆነባቸውና ዝም አሉ። ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር «አልተከፈለም» ተብሎ ተጻፈ።

ሐዘኑ ባበቃበት ቀን፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ክረምቱ ሳይወጣ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ የአዲስ አበባ ባለሀብት ወሬ ይመስላል። ልጁ ግን ለዚያች ልጅ ስልክ ሊገዛ ከሰኔ ጀምሮ ያጠራቅም ነበር፤ የእሷ ስልክ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። በሐምሌ መጀመሪያ ሊደርስበት ትንሽ የቀረው ዋጋ በነሐሴ መጀመሪያ ጥሎት ሄደ። ባለ ሱቁ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ «እኔም የማስመጣው በአዲሱ ነው» አለው።

ስልኩ ቢገዛም ኖሮ ግን የሚያድን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት እሷ ለፈተና ስትመዘገብ «አንተም በግል ተመዝገብ፣ አብረን እንፈተን» ብላው ነበር። እሱም «እሺ» አለ። ከዚያ «ተመዘገብኩ» አለ። አልተመዘገበም። የምዝገባው ሳምንት መድረክ ሲያቆም ነበር፤ ከዚያም አለፈ። እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ነገር ግን «ሥራ ላይ ነበርኩ» ለማለት ሥራው ሥራ መሆን ነበረበት፤ እሱ ራሱ አጎቱ የሚሉትን ግማሹን አምኗል። ሞንታርቦ ተሸካሚ ከመባል የግል ተፈታኝ መባል ይሻለው ነበር። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ «ማታ ማታ እያጠናሁ ነው» እያለ፣ ማታ ማታ ኬብል ሲጠቀልል ከረመ።

እሷ ከፈተናው ስትወጣ የተፈታኞች ዝርዝር ውስጥ ስሙን ፈልጋ እንዳጣችው ነገረችው። ነሐሴ 3 ማታ ነበር። አልጮኸችም። «ባትማርም እወድህ ነበር፤ ስትዋሸኝ ግን እኔን ማን አድርገህ አየኸኝ?» አለችው። እሱ ስለ መድረኩ ሊያስረዳ ሲጀምር ጨረሰችለት፤ «ይህን ነበር ልትነግረኝ የሚገባው። እኔ ሥራ የያዘ ሰው ንቄ አውቃለሁ?»

በማግስቱ ቅዳሜ ጓደኞቹ ከአልጋው ጎትተው ዲኤስቲቪ ቤት ወሰዱት። የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ነበር። ታምራት ቶላ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው የተተካው። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ ያገኘችው ብቸኛው ወርቅ እሱ ያመጣው ነው። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ልጁም ጮኸ፣ ከዚያ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሰው ሁሉ በደስታ እያለቀሰ ስለነበር ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀውም። ባለ ባጃጁ ብቻ ትከሻውን ያዘው።

ፍልሰታ ሲፈታ ሐዋሳ ላይ ትልቅ ኮንሰርት መጣ። ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጓደኞቹ ትኬት ቆርጠው በተመልካች በኩል ገቡ፤ እሱ በሠራተኛ በር። ለሳምንታት ሲያስቡት የከረሙትን ኮንሰርት እሱ ያየው ከሞንታርቦው ጀርባ ነው። ከዚያ በኩል ዘፋኙ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤ የሕዝቡ ፊት ግን በሙሉ ይታያል። በመሐል ዝናብ መጣ። ከኬብል መገናኛዎቹ አንዱ ውኃ ላይ ነበር። ልጁ ሮጦ አነሳው፣ በላስቲክ ጠቀለለው፣ ከብረት እግር ላይ አሰረው። ድምፁ አልተቋረጠም። ሕዝቡ ምንም ሳያውቅ ዘፈነ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ጭነው ሲጨርሱ አለቃው «ጋሼ፣ የዛሬውስ?» ሲባል የመለሰው ያንኑ ነው፦ «ቡና ሲደርስ እንተሳሰባለን።»

በክረምቱ መጨረሻ ደብተሩ ሲደመር 27 የሥራ ቀን ሆነ። 16ቱ ተከፍሏል። 11ዱ አልተከፈለም፤ ሁለቱ የተሰረዘው ዝግጅት፣ ዘጠኙ «ቡና ሲደርስ»። 27 ቀን ማለት እሑድን እያረፈ አንድ ሙሉ ወር ከሠራ ሰው ቀን አያንስም። አጎትየው «ቦዘኔ» ያሉት ልጅ ይህ ነው።

ሕጉ ደግሞ ከአጎትየው ይልቅ ከልጁ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በጽሑፍ ስላልሆነ የሠራተኛው መብት እንደማይቀር ይናገራል። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነገሮቹን ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት አለበት። መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው ክፍያ ላይ 1.75 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። ሞንታርቦ ተሸካሚ ከዚህ ወጥቷል የሚል መስመር የለም። «ቡና ሲደርስ» የሚል የክፍያ ቀንም የለም። ገበሬው ያንን ቢል እውነቱን ነው፣ ገንዘቡ ዛፉ ላይ ነው። ለመድረክ አዘጋጅ ግን ትኬቱ የተሸጠው በዚያው ማታ ነው፤ ቡናው ያንኑ ሌሊት ተለቅሟል።

በእርግጥ 21 ዓመት የሆነው ልጅ አዋጅ ይዞ አለቃው ፊት ቢቆም በማግስቱ ሌላ ልጅ ይጠራበታል። ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩ በሕግ ብቻ አይቀናም። መጀመሪያ የሚቀናው በስም ነው። ሰፈሩ ሥራ ያላለውን ነገር አለቃው ለመክፈል አይቸኩልም፤ ሠራተኛውም ለመጠየቅ ያፍራል። ይህ ልጅ ከዚያም አልፎ ለሚወዳት ልጅ ዋሸ። ውሸቱ የራሱ ነው፤ ለሱ ማንም አይጠየቅለትም። ኀፍረቱን ግን ያዋሱት ሌሎች ናቸው።

ጳጉሜን ላይ ውጤት ወጣ። በዚያ ዙር ያለፈው ከመቶ 5.4 ነበር። እሷ ከነሱ ውስጥ ሆነች። ልጁ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ጻፈላት፤ «አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች፤ ከዚያ በላይ አልተጻጻፉም። በኋላ ምደባዋ ደርሶ ከዲላ ወጣች።

ጥቅምት ላይ ቡናው ቀላ። ልጁ ቀን ቀን ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ሲያራግፍ፣ ቅዳሜና እሑድ ሞንታርቦ ሲሸከም ሰነበተ። አለቃው የዘጠኙን ቀን ከፈለው። የተሰረዘው ዝግጅት ሁለት ቀን እስካሁን ደብተሩ ላይ አለ። በዚያ ዓመት ለፈተና በግል ተመዘገበ፤ ይህን ለማንም አላወራም። የምዝገባ ወረቀቱን ሲሞላ ሥራ የሚለው ቦታ ላይ ግን «የድምፅ ባለሙያ» ብሎ ጻፈ።

እናንተም በሚቀጥለው ክረምት ኮንሰርት ስትሄዱ፣ ሁሉም ሲወጣ ትንሽ ቆዩና ኬብል የሚጠቀልሉትን ልጆች እዩ። አዘጋጁን ካወቃችሁት ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ልጆቹ ዛሬ ተከፍሏቸዋል ወይ?