የወንጀል ወሬና የወንጀል ቍጥር

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከስፍራው ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። ደቻቱ የተባለው የአሸዋ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንደኛው ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛሉ። የታወቀው የቀፊራ ገበያ ያለው በመጋላ በኩል ነው። የቀትሩ ሙቀት ስለሚያይል ግብይቱ የሚደምቀው በጧትና ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ በአንድ መደብ ዙሪያ ይሰማሉ። ከሸቀጡ ሁሉ ፈጥኖ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ግን ወሬ ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ ሎሚና ቲማቲም ልገዛ ወደ ቀፊራ በሄድሁ ጊዜ አንዲት ሻጭ ባለፈው ምሽት አንድ ወጣት በቢላዋ ተወግቶ ስልኩን እንደ ተቀማ ነገረችኝ። ጥቂት አለፍ ብዬ ሻይ በጠጣሁበት ቤት የተወጉት ሁለት ሆኑ። ወደ ቤቴ የመለሰኝ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ «ሦስት ሰው ሞቷል፤ ከተማው ተበላሽቷል» አለኝ። ከሦስቱ አንዳቸውም ሊዋሹኝ አላሰቡም፤ እያንዳንዳቸው በሰሙት ላይ ፍርሃታቸውን ጨምረው ነገሩኝ እንጂ።

ተማሪዎች ሆይ፣ እስቲ እናንተ ፍረዱ። በዚያ ምሽት የጨመረው ወንጀሉ ነው ወይስ ወሬው? ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ነገሩን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። ባለቤቱ ሳያውቅ ከኪሱ ገንዘብ መውሰድ ስርቆት ነው። ደብድቦ ወይም በቢላዋ አስፈራርቶ መውሰድ ግን ውንብድና ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችንም ሁለቱን በተለያዩ አንቀጾች ለይቶ ይደነግጋል። ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ «ወንጀል በዛ» የሚል ሰው የትኛው እንደ በዛ አልነገረንም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ቍጥሩን በሚገባ ማንበብ ነው። ለምሳሌ ያህል 50,000 ነዋሪ ባላት ትንሽ ከተማ በአንድ ዓመት ሁለት ሰዎች፣ በሚቀጥለው ዓመት አራት ሰዎች ተገደሉ እንበል። «ግድያ በእጥፍ ጨመረ» ቢባል ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ዓመት ቍጥሩ ተመልሶ ሁለት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቍጥር በትንሽ ነገር ከፍና ዝቅ ስለሚል የአንዲት ትንሽ ከተማ ሁኔታ የሚታወቀው የብዙ ዓመታት መዝገብ ጐን ለጐን ሲታይ ነው። ትልቅና ትንሽ ከተማን ለማነጻጸርም ከ100,000 ሰው ስንቱ እንደ ተገደለ ይሰላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዚህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም አማካይ 5.8 እንደ ነበረ ገልጿል። በምሳሌያችን ከተማ ስሌቱ በመጀመሪያው ዓመት 4፣ በሁለተኛው 8 ይሆናል ማለት ነው።

ነገር ግን መዝገቡም ቢሆን ሁሉን አያውቅም። የተገደለ ሰው ብዙውን ጊዜ ተደብቆ አይቀርም። በቤቷ ውስጥ የተደበደበች ሴት፣ የወንበዴውን በቀል የፈራ ወጣት፣ ከገጠር መጥታ ገንዘቧን የተቀማች ማገዶ ሻጭ ግን ሳያመለክቱ ይቀራሉ። ጸጥታ ሁሉ ሰላም አይደለም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሆኖም በ1998 ዓ.ም. ክረምት በደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ጐርፍ ሆኖ ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገድሏል። አሸዋውን ብቻ የተመለከተ ሰው ከላይ የወረደውን ዝናብ ሊያውቅ አይችልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ወሬ ወንጀልን ከመጠኑ በላይ ያገዝፈዋል፤ ዝምታ ደግሞ ከመጠኑ በታች ያሳንሰዋል። ሁለቱም እውነትን ያዛባሉ።

ይህ መዛባት ዋጋ ያስከፍላል። በተጋነነ ወሬ የተነሣ ሰው ከምሽት ገበያ ቢቀር የዕለት እንጀራዋን የምታጣው ያችው ማገዶ ሻጭ ናት። ሰው የሸሸበት መንገድም ለወንበዴ የተመቸ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ወሬው «ማን አደረገው?» ለሚለው ጥያቄ የራሱን መልስ መስጠቱ ነው። ብዙ ሕዝብ ተቀላቅሎ በሚኖርበት ከተማ የአንድ ሰው ጥፋት የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ብሔረሰብ ጥፋት ሆኖ ሲወራ አንዱ የቢላዋ ጠብ የብዙዎች ጠብ ይሆናል። ሕግ የሚጠይቀው አጥፊውን ነው፤ ወሬ ግን ጎረቤቱንም ጭምር ይወነጅላል።

ስለዚህ የዐመፅ ድርጊት ሲፈጸም ያያችሁ እንደ ሆነ በመጀመሪያ ለተጐዳው ሰው እርዳታ ጥሩ። ከዚያም የሆነውን ለፖሊስ አስታውቁ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውንና በዓይናችሁ ያያችሁትን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ተናገሩ። «አየሁ» እና «ሰማሁ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አትቀላቅሉ። ወሬ በሰማችሁ ጊዜም «ማን አየ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁ ወሬው ከእናንተ አይለፍ። ከተማን የሚጠብቀው ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ ምስክርም ይጠብቀዋል።