የመስኮት ጥግ

በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እንቅልፍ ፈላጊ፣ ሌላው መስኮት ፈላጊ ነው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ።

ካርቱም ውስጥ አል-ሳሃፋ በተባለው ሰፈር ሰባት ዓመት ኖሬአለሁ። ሰፈሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ ይገኛል። ስለዚህ ጎረቤቶቼ የነበሩት ኢትዮጵያውያን የአውሮፕላን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቀና እያሉ «ይህ ወደ አገር ቤት ነው» ይባባሉ ነበር። እኔም የዓመት ፈቃዴ በደረሰ ጊዜ ካርታ ዘርግቼ መቀመጫ እመርጥ ነበር።

ምርጫው የራሱ ብልሃት አለው። በክንፉ ትይዩ የተቀመጠ መንገደኛ ከክንፉ በቀር ብዙ አያይም። ከክንፉ በስተኋላ ደግሞ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ አየር እይታውን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ከክንፉ ፊት ያለው መቀመጫ ይመረጣል። ቀኙን ወይም ግራውን ለመምረጥ ግን ካርታንና ፀሐይን ማማከር ያስፈልጋል። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት የሚጓዝ ሰው በግራ ቢቀመጥ ፀሐይዋ ዓይኑን ትወጋዋለች፤ በቀኝ ቢቀመጥ ግን ምድሪቱ ቁልጭ ብላ ትታየዋለች። በዚያው በቀኝ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ከተፈጸመው ከሰናር ግድብ ውሃ የሚያገኙት የገዚራ እርሻዎች በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ በአጠገባቸውም ዓባይ ይጥመለመላል። ወደ ጉዞው መጨረሻ ያው ወንዝ ጎጃምን ከሸዋ በሚለየው ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ወደ ሩቅ አገር ለሚበርም ሰው ስሌቱ ይኸው ነው፤ አስቀድሞ የጉዞውን አቅጣጫ፣ ቀጥሎ የፀሐይዋን ቦታ ማወቅ ይገባዋል።

በ2009 ዓ.ም. በአንድ ማለዳ፣ እንዳሰብሁት በቀኝ በኩል ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጥሁ። ከአጠገቤ በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ወደ አገሯ የምትመለስ አንዲት ወጣት ነበረች። የገዚራን እርሻዎች በጣቴ እያመለከትሁ ሳስረዳት በትሕትና አዳመጠችኝና፣

«ጋሼ፣ መተማ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

«በግራ በኩል ነው፤ ከዚህ አይታይም» አልኋት።

ዝም አለች። ቆይታ ግን ነገረችኝ። ወደ ሱዳን የመጣችው ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በእግሯ ነበረ። ከሦስቱ አንደኛዋ ወባ ይዟት ከመንገድ ቀረች፤ የተቀበረችውም ከመተማ ብዙ ሳይርቅ ነው። ይህን ስሰማ በመረጥሁት መቀመጫ አፈርሁ። አስተናጋጇን ለምነን በግራ በኩል፣ ከኋላ፣ አንድ ባዶ የመስኮት ጥግ ተገኘላት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሳ መጣች።

«አየሽው?» አልኋት።

«ምንም አልለየሁም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ግን ፊቴን ወደ እሷ አድርጌ አለፍሁ» አለችኝ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ነበረ። በዚያ ዕለት በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ሆነ። የአል-ሳሃፋ ጎረቤቶቼ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እኔም በአውቶቡስ ተጨናንቄ በገዳሪፍና በጋላባት በኩል ወደ መተማ አመራሁ። በዚያ ጉዞ መቀመጫ የመረጠ ሰው አልነበረም። ከላይ አንድ ዓይነት ቡናማ መስሎ የሚታየው ምድር ከቅርብ ሲታይ ሌላ ነበረ፤ ፀሐይ የሰነጠቀው ጥቁር አፈር፣ የማሽላ አገዳ ቅሪት፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች። ከመንገዱ ዳር የድንጋይ ክምር ባየሁ ቁጥር የዚያች ልጅ ጓደኛ ትታሰበኝ ነበር።

ዛሬም ቢሆን ለጉዞ የሚዘጋጁ ወዳጆቼ የትኛው መቀመጫ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። ስለ ክንፉና ስለ ፀሐይዋ የማውቀውን አልነፍጋቸውም። አስቀድሜ ግን «ለማየት የምትፈልጉት ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።