መጅ የሌላት ወፍጮ

የአያቴን ወፍጮ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ አጠገቤ ነበር፣ እናቴም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዋጋውን የተነጋገርኩት ግን እኔ ስለሆንኩ፣ "ሸጥን" ብዬ ነገሩን ለሦስት ባካፍለው አይሆንልኝም።

አያቴ ኖራ ያረፈችው አንኮበር፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ነው። አርባዋ ከወጣ በኋላ ቤቱን ለዘመድ ልናስረክብ ዕቃ ስናወጣ፣ ሁለት ሰዎች በፒክአፕ መጡ። አሮጌ ዕቃ ገዢዎች ናቸው። ለአዲስ አበባ ሆቴሎች ግቢ ማስዋቢያ የሚሆን ሙቀጫ፣ ገንቦ፣ ቀንበር ይሰበስባሉ። አንደኛው ወደ ጓዳ አንገቱን አስግጎ "እማማ፣ የድንጋይ ወፍጮ የለም?" ሲል እናቴን ጠየቃት። እሷ ዝም አለች። "አለ" ያልኩት እኔ ነኝ።

800 ብር አለ። አብረው የሚሠሩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የተጋሩት መኪናውን ብቻ ኖሯል። ሌላኛው 1,000 አለ። እዚያው ጓዳ በር ላይ ጨረታ ተጀመረ፣ እኔም መሃል ቆሜ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያየሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። 1,500 ላይ ቆመ። ከጭቃ መደቧ በዲጂኖ ፈልቅቀው፣ ለአራት ተሸክመው ጫኗት። ከዚያ ገዢው "መጁስ?" አለ። እናቴ "ጠፍቷል" አለችው። እናቴ ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህን ነገር ከዓመታት በኋላ የቀሰቀሰብኝ አንድ የእንግሊዝ አገር ሐውልት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ የአትክልት ቦታ ሐውልቶች በሚሸጡበት ጨረታ ላይ አንዲት የተጋደመች ሴት በዕብነ በረድ የተቀረጸች ሐውልት ቀረበች። ሠሪዋ አይታወቅም። 5,200 ፓውንድ ተሸጠች። ገዢዎቹ ወስደው እነሱም አትክልት ቦታቸው ውስጥ አስቀመጧት። በኋላ ታሪኳ ሲጠና፣ የጣሊያኑ አንቶኒዮ ካኖቫ የመጨረሻ ዘመኑ ሥራ፣ "የተጋደመችው መግደላዊት ማርያም" ሆና ተገኘች። በ2022 ክሪስቲስ ለጨረታ ሲያወጣት ግምቷ ከ5 እስከ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

እኔን የገረመኝ የገንዘቡ ልክ አይደለም። የገረመኝ ስሟን እንዴት እንደጣለችው ነው። ያሠራት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሎርድ ሊቨርፑል ነው። በ1819 አዘዘ፣ ካኖቫ በ1822 ጨረሳት፣ በዚያው ዓመትም ሞተ። ከሊቨርፑል ቤተሰብ ወደ ሌላ መኳንንት ተሻገረች፣ በ1857 ማንቸስተር በተደረገው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ታየች። በ1920 የነበረችበት ዊትሊ ኮርት የሚባለው ቤተ መንግሥት መሰል ቤት ለአንድ የምንጣፍ ፋብሪካ ባለቤት ተሸጠ። (የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ ልጅ ነኝና ይህችን ቦታ ሳነብ ፈገግ አልኩ።) በ1937 ቤቱ ተቃጠለ። በማግስቱ ዓመት ዕቃው ሲሸጥ የካኖቫ ስም ከዝርዝሩ ላይ አልነበረም። የገዛቻት ቫዮሌት ቫን ደር ኤልስት ናት፣ በስቅላት ቅጣት ላይ በአደባባይ ስትዘምት የኖረች ሀብታም ሴት። ለንደን፣ ኬንሲንግተን፣ ቤቷ ግቢ ውስጥ አቆመቻት። ቤቱ ሲሸጥ ሐውልቷ እዚያው ከአበባው መሃል ቀረች።

እንግዲህ ድንጋዩ ያው ነው። ዝናብ መታው፣ ሽበት አወጣ እንጂ ሌላ ሰው አልሆነም። የጠፋው በወረቀት ላይ የነበረ አንድ መስመር ነው። እሱ ሲጠፋ የግቢ ጌጥ ሆነች፣ እሱ ሲገኝ ደግሞ ሚሊዮን። ስሟንም የመለሰላት የጨረታ ዝርዝር፣ ደረሰኝና ደብዳቤ ነው። የአያቴን ወፍጮ የጠረበው ሰው ማን እንደሆነ አያቴም አታውቅም ነበር። ከአማቷ የተረከበቻት ናት።

"መግደላዊት" የሚለው ስም ሌላም ነገር አስታወሰኝ። ፈረንጆቹ የእኛን መቅደላ ሲጽፉ ልክ እንደ ማርያም አገር "ማግዳላ" ብለው ነው። ለአንኮበር ሰው መቅደላ ሩቅ ስም አይደለም። በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ፣ የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክን ወስደው ያኖሩት እዚያ ነው፤ አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1865 አመለጡ። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች አምባውን ያዙ። የዘረፉትን በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ አወጡት፣ ገንዘቡንም ለወታደሩ አከፋፈሉ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። እንደምታዩት ጨረታ እንዲህም ያገለግላል። ዘረፋ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል "ገዝቼው ነው" የሚል ሰው ይወጣል። በ2021 እንኳ ዶርሴት ውስጥ የመቅደላ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ነው የወጡት።

ስለ መቅደላ ስንናደድ ድምፃችን ከፍ ይላል፣ የእኔም ጭምር። ግን እኔ ላይ ማንም መድፍ አልደገነብኝም። ፒክአፕ ነው የመጣው፣ ያውም ሻይ አፍልተንላቸዋል።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘመዳችን ሰርግ አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ለፎቶ በተዘጋጀው ሣር ዳር የጂፕሰም ሐውልት ቆማለች፣ እንደ ጥንት ግሪክ ሴት ነጠላ ቢጤ ጣል አድርጋ ከእንስራ ውሃ የምታፈስ። ከእግሯ ሥር ሦስት ወፍጮዎች ተደርድረዋል፣ አበባ ተተክሎባቸዋል። ሁለቱን አለፍኳቸው። ሦስተኛዋ ጋ ጎንበስ ብዬ አፈሩን በጣቴ ገለጥኩ። የወፍጮ ሆድ ወትሮ መሃል ለመሃል ነው የሚጎደጉደው። ይቺ ወደ ግራ ታደላለች፣ ቀኝ ጠርዟ ገና ወፍራም ነው። አያቴ ግራኝ ነበረች። ሃምሳ ዓመት ገብስና ባቄላ ስትፈጭ ክንዷ ከብዶ ያረፈበት ጎን ነው።

ሱሪዬን በአፈር አጨማልቄ ተነሳሁና አስተናጋጁን ጠየቅኩት። ኃላፊውን ጠራልኝ። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የዲኮር ዕቃ አንሸጥም" አለኝ። የአያቴ እንደሆነች ነገርኩት። ወደ ሦስቱም አየና "የትኛዋ?" አለ። አሳየሁት። በቁም ነገር አያት፣ ግን ምን ሊል ይችላል? ደረሰኝ የለኝ፣ ፎቶ የለኝ። ያለኝ ማስረጃ የአንዲት ሴት ግራ እጅ ነው።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። እንደምትቆጣ ወይም እንደምታለቅስ ገምቼ ነበር።

"ውሃ ታቁራለች?" አለችኝ።

"አዎ። አበባ ተክለውባታል።"

"ጠፍጣፋ አድርገው አስቀምጠዋታላ። ወፍጮ እኮ ወደ ፊት ዘመም ብላ ነው የምትቀመጠው፣ ዱቄቱ እንዲወርድ።"

ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ከምጣዱ ጀርባ፣ በጨርቅ ከተጠቀለለበት፣ መጁን አወጣችና ለማታ ወጥ ነጭ ሽንኩርቷን መደቆስ ጀመረች።