ሣሩን ስንመግብ ነፍስ ያለውን እንዳንረሳ

በደብረ ታቦር ቤታችን መስኮት አጠገብ 20 ሊትር ውኃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለን። በውስጡ የውኃ ሣር ተተክሏል፤ በሣሩ መካከልም 8 ቀያይ ሽሪምፖች ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸው የጣት አንጓ እንኳ አያህሉም። የዘራቸው ምንጭ የሩቅ ምሥራቅ ወንዞች፣ በተለይም ቻይናና ታይዋን ሲሆን፣ ቀዩን መልክ ያገኙት በሰው እጅ ተመርጠው ስለ ተራቡ ነው። አንድ ዘመዳችን ከአዲስ አበባ በላስቲክ ከረጢት ይዞልን ከመጣ ጀምሮ የልጆቻችን የዕለት ወሬ ሆነዋል።

ሽሪምፖቹ ደኅና ሲሆኑ ሣሩ ግን ገረጣ፤ ማደጉንም አቆመ። የመጀመሪያ ልጃችን ምክንያቱን ከትምህርት ቤት ይዞ መጣ። አረንጓዴ ተክል ምግቡን የሚሠራው ከውኃ፣ ከብርሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚባለው ጋዝ ነው፤ የአምቦ ውኃ ስንከፍት የሚንተከተከው ያው ጋዝ ነው። ከአየር ወደ ውኃ የሚገባው በዝግታ ስለሆነ ሣሩ ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ ልጃችን «ስኳርና እርሾ በጠርሙስ አድርገን፣ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ገንዳው እንላከው» አለን። በየአገሩ የውኃ ሣር የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ርካሽ ዘዴ ነው።

አያታችን ይህን ሰምተው «ታዲያ ጠላ ከዚህ በምን ይለያል?» አሉ። ልጃችን «እማማ፣ እኛ እኮ አንጠጣውም» ቢላቸው፣ «አለመጠጣቱ መልካም፤ ቤታችን ውስጥ መጥመቁስ?» ብለው መለሱለት።

ውድ አንባብያን! ጥያቄያቸው በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። እርሾ ስኳሩን ሲበላ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጋዝ፣ ግማሽ ያህሉ አልኮል ይሆናል። ልጃችን ቅር ቢለውም፣ የሚያጠራጥረውን ትተን ወደማያጠራጥረው መሄድን መረጥን። ሌላም ምክንያት ነበረን። እርሾ ሌሊት አይተኛም። በጨለማ ግን ሣሩ ጋዙን መጠቀም ያቆምና እንደ ሽሪምፖቹ ሁሉ ኦክስጅን እየወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ሌሊቱን ሙሉ ቢጨመርበት የሚታፈኑት ሽሪምፖቹ ናቸው።

የአገራችንን ከፍታም ማሰብ ነበረብን። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በባሕር ወለል 15 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ከ7 ብዙም አይበልጥም። ከጉና የሚወርደው ብርድ ውኃውን ስለሚያቀዘቅዝ ጥቂት ይረዳናል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅንን የተሻለ ይይዛልና። ቢሆንም በቆላ አገር ልክ የተጻፈውን መጠን እንዳለ መውሰድ አይገባም።

በመጨረሻ አያትና የልጅ ልጅ የተስማሙበት መንገድ ሎሚና ለዳቦ የሚሆነው ሶዳ ሆነ። ሁለቱ ሲገናኙ ያለ አልኮል ያንኑ ጋዝ ይሰጣሉ። ሶዳውን በላስቲክ ጠርሙስ አድርገን ጥቂት የሎሚ ጭማቂ እናፈስበትና ቱቦ ባለው ክዳን እንዘጋዋለን። ቱቦ በሌለው ክዳን መዝጋት ግን ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ስለሚችል ለልጆች አይፈቀድም። ጋዙ ሎሚ ይዞ እንዳይሄድ በሁለተኛ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም በገንዳው ውስጥ ውኃ ሞልቶ በተደፋ፣ የቡና ሲኒ በሚያህል ትንሽ ብርጭቆ ሥር ይጠራቀማል። ከዚያ በዝግታ ወደ ውኃው ይሟሟል።

የዚህ ዘዴ ጥቅሙ መጠኑ መታወቁ ነው። 80 ሚሊሊትር የሚይዘው ብርጭቆ ጋዙን በሙሉ ቢለቅ እንኳ በአንድ ሊትር ውኃ 5 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ሣር አሳዳጊዎች በብዛት የሚፈልጉት ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ነው። ጠዋት ብርሃን ሲገባ እንሞላዋለን፤ ማታ የቀረውን ጋዝ ብርጭቆውን አዘንብለን እንለቀዋለን። ሽሪምፖቹ በአንድነት ወደ ውኃው ፊት ከወጡ ወይም ከደነዘዙ ጋዙ ወዲያው ይቆማል፤ ውኃውም በጭልፋ እየተቀዳ ከከፍታ መልሶ በመፍሰስ አየር ያገኛል።

ሣሩ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ሽሪምፖቹም 8 እንደሆኑ አሉ፤ አልሐምዱሊላህ።

ድመት አስራ ምግብ ስለከለከለቻት ሴት የተነገረውን ሐዲስ ልጆቻችን ያውቁታል። በመስታወት የተዘጋ ፍጡር ራሱ ሄዶ አየር አይፈልግም፤ የሚተነፍሰው እኛ ያዘጋጀንለትን ውኃ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ገንዳ ያላችሁ ወላጆች፣ ለሣሩ ውበት ከመሯሯጣችሁ በፊት ልጆቻችሁን ይህን አስጠይቋቸው፦ የምንጨምረው ነገር ለአንዱ ምግብ ሲሆን ለሌላው ምን ይሆናል? አማና የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።