«ምሳ ተበላ?»

ለሁለት ዓመት ያህል ከታናሼ ጋር በስልክ ሳወራ «አንቺ»ንም «አንተ»ንም እሸሽ ነበር። «ምሳ ተበላ?» እላለሁ። «ከሥራ ተወጣ?» «እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?» አማርኛ ለእንዲህ ያለ ሽሽት አይመችም። በእንግሊዝኛ አንድን ሰው ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ብታነጋግሩት ወንድ ይሁን ሴት ሳትጠቅሱ መዋል ትችላላችሁ፤ ጣጣው የሚመጣው በሌለበት ስታነሡት ነው። በእኛ ግን በር ላይ የቆመን ሰው «ግባ» ወይም «ግቢ» ለማለት አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። «ይግቡ» ለትልቅ ሰው ነው። ታናሽን አንቱ ማለት ኩርፊያ ነው፤ ካልሆነም ፌዝ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ አጭር የስልክ መልእክት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ በይኝ። ሌላውን ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ» ይላል። መልስ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከሦስት ቀን በኋላ የጻፍኩትም «እሺ፣ ገባኝ» የሚል ነው። ምንም አልገባኝም ነበር። ለጥምቀት ፀጉሯን እየሠራሁላት ያደገች እህት ነበረችኝ፤ እሷን ማን ወሰዳት ብዬ ተቀይሜ ነበር። ቅያሜው በማን ላይ እንደሆነ ግን ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ታናሼ አንብቦ እንዲወጣ ፈቅዶልኛል። ስሙንና ያለበትን አገር ግን አልጽፍም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ከምኖርበት ግላስጎው በባቡር ወደ ኤድንብራ ሄድኩ። በየዓመቱ በዚያ ወር ከተማዋ በቴአትር ትጥለቀለቃለች። በአዲስ ተውኔቶች የሚታወቀው ትራቨርስ ቴአትር በዚያ ዓመት ከስኮትላንድ ብሔራዊ ቴአትር ጋር ሁለት ሥራዎች ያሳይ ነበር፤ አንዱ «አዳም» ሌላው «ሔዋን» ይባላሉ። ቲኬቶቹን የገዛሁት ስለምን እንደሆኑ አውቄ ነው። ለማንም ግን ወዴት እንደምሄድ አልተናገርኩም።

«አዳም» የአዳም ካሽሚሪ ታሪክ ነው። አዳም የግብፅ ልጅ ነው፤ ለእኛ ዘመናት ሙሉ ጳጳስ ሲላክልን በኖረባት በእስክንድርያ ተወለደ። ሴት ተብሎ አደገ። ኋላ ሸሽቶ ግላስጎው ገባና ጥገኝነት ጠየቀ። ብቻውን በአንዲት ክፍል ተቀምጦ፣ ቋንቋው ሳይሞላለት፣ የወንድ ነፍስ በሴት ገላ ውስጥ ሊታሰር ይችል እንደሆነ ኢንተርኔትን ጠየቀ። ተውኔቱን ፍራንሲስ ፖይት ጻፈችው፣ ኮራ ቢሴት አዘጋጀችው። መድረኩ ላይ ግን የቆመው ሌላ ተዋናይ አይደለም፤ አዳም ራሱ ነው። አብራው አንዲት ሴት ተዋናይ አለች፤ ሁለቱም አዳምን ይሆናሉ። አንዱ ሌላውን ይጠይቃል፣ ይገፋል፣ ይደብቃል፣ ያጽናናል።

ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደሚናገር እዚህ የምንኖር ሁሉ እናውቃለን። ቀኑ ከቀን ካልገጠመ ውሸታም ነው። ሲናገር ካላለቀሰ ውሸታም ነው፣ ካለቀሰም ሊሆን ይችላል። አዳም ደግሞ በዚያ ላይ ማንነቱን ማስረዳት ነበረበት፤ ማንነቱ ግን ገና ሰውነቱ ላይ አልታየም። ስለዚህ መድረኩ ላይ ቆሞ ያንኑ ታሪክ ሲናገር ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። እኛም በጨለማ ተቀምጠን የምንመዝነው መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ልዩነቱ ገባኝ። የመርማሪው ክፍል ውስጥ ታሪኩን የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነው፤ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቅር የሚለውም ያ ሰው ነው። እዚህ ግን ከየት እንደሚጀመር የወሰነው አዳም ነበር።

ሌላም ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገባ። ግብፆች «ኢንተ» እና «ኢንቲ» ይላሉ፤ ከእኛ «አንተ» እና «አንቺ» ጋር የአንድ አያት ልጆች ናቸው። እነሱ ግን «እኔ» ሲሉም ማምለጫ የላቸውም። ወንዱ ደከመኝ ሲል «አና ታዕባን» ይላል፣ ሴቷ «አና ታዕባና»። ዐረብኛ ደክሟችሁ እንኳ ወንድ ናችሁ ሴት ብሎ ይጠይቃል። አማርኛ «ደከመኝ» ብቻ ይላል። «እኔ» የሚል ሰው በእኛ ቋንቋ ወንድም ሴትም አይደለም፤ ወይም ሁለቱንም መሆን ይችላል። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው አላስተዋልኩትም ነበር።

ከዚያ «ሔዋን»ን አየሁ። ጆ ክሊፈርድ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለደች ጸሐፌ ተውኔት ናት። ጆን ክሊፈርድ በሚባል ስም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስኮትላንድ ታዋቂ ነበረች፤ «ሎሲንግ ቬኒስ» የተባለ ተውኔቷ እዚያው ትራቨርስ በ1985 ታይቷል። ልጅ ሳለች በወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የሴት ገጸ ባሕርይ እንድትጫወት ይሰጧት ነበር። እዚያ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አወቀች፦ ቴአትር እንደምትወድና ሴት መሆን እንደምትፈልግ። ሁለተኛው ስላስፈራት ከመድረክ ሸሸች።

ይህን ሳውቅ ያስታወስኩት የእኛን የቀድሞ ቴአትር ነው። በሀገር ፍቅር የመጀመሪያ ዘመን ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር የሴቷን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው ይወጣሉ፤ ሰውም ያጨበጭባል። ማንም አልተቆጣም፣ ማስመሰል መሆኑን ሁሉ ያውቃላ። ሲያበቃ ቀሚሱ ይወልቃል። የጆ ክሊፈርድ ነገር የዚያ ተገላቢጦሽ ነው። ማስመሰሉ የነበረው ከመድረክ ውጭ ነው፣ ለአምስት ዐሥርት ዓመታት። ለካስ ሰው የሚያስቀይመን ሲያስመስል ሳይሆን ማስመሰሉን ሲተው ነው።

ክሊፈርድ ሱ ኢኒስ ከተባለች ደራሲ ጋር በትዳር ኖራ ሁለት ሴቶች ልጆች አሳድጋለች። ሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሞተች። ክሊፈርድ ሙሉ በሙሉ በሴትነቷ መኖር የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ቂም ወይም ጸጸት ጠብቄ ነበር፤ «ያ ሁሉ ትዳር ውሸት ነበር» የምትል ሴት። እንደዚያ አላለችም። ሚስቷን የወደደችው በእውነት ነው፤ አባትነቱም እውነት ነው። ለነበረችው ልጅ፣ ለዚያ ፈሪ ወንድ ልጅ፣ በርኅራኄ ታወራለታለች። አትገድለውም። በሕይወት ስላደረሳት ታመሰግነዋለች እንጂ።

እኔን የነካኝ ይህ ነው። እህቴን ማን ወሰዳት እያልኩ ሁለት ዓመት ስናደድ ማንም እንዳልወሰዳት አላሰብኩም። ለጥምቀት ፀጉሯን ስሠራላት እግሬ መካከል ቁጭ ብሎ ራሱን የሚያንገላታው፣ «ቶሎ ጨርሺ» እያለ የሚያለቅሰው ልጅ እሱ ነበር። ያ ሁሉ ትዝታ አልጠፋም። ባለቤቱ አለ።

ከቴአትሩ ወጥቼ ባቡር ስጠብቅ ደወልኩለት። «ራት በላህ?» አልኩት።

ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።

«አልበላሁም» አለ። ከዚያ «ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው» አለኝ። ባቡሩ እስኪመጣ ስለ ሽንኩርት አወራን።

ከዚያ በኋላም እሳሳታለሁ። በተለይ ስደነግጥ «አንቺ» ያመልጠኛል። አይቆጣም፤ ይጠብቀኛል፣ አስተካክዬ እቀጥላለሁ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ፊልም ሆኖ ወጣ፤ እዚያም አዳም ራሱን ሆኖ ይጫወታል። ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ አብረን አየነው። ሲያልቅ «ወጥቶ ‹እኔ› ለማለት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል!» አልኩ።

«‹እኔ› ማለትማ ቀላል ነው» አለኝ። «መስታወት ፊት ቆሜ ስንት ዓመት ብዬዋለሁ። ‹አንተ› የሚለውን ግን ለራሴ ልለው አልችልም። እሱን ሌላ ሰው ነው የሚሰጠኝ።»

ሰው ስለ ራሱ ሕይወት ቴአትር ሠርቶ እንግዳ ሰዎች ፊት ለምን እንደሚቆም ያን ጊዜ ገባኝ። «እኔ»ን ይዞ ይመጣል፤ «አንተ»ን ወይም «አንቺ»ን ከእኛ ይጠብቃል። ፍቅርም እኔ እስከማውቀው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰውየው ስለ ራሱ የሚያውቀውን አምኖ በዚያው መጥራት ነው።

አንድ ነገር ጨምሮ ነገረኝ። ሕፃን ሳለ እናታችን «አንተ» ትለው ነበር። በእኛ ቤት ሴት ልጅን ለፍቅር «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» ማለት የተለመደ ነው፤ በብዙ ቤት እንደዚያ ነው። «አንተ ጎበዝ፣ ና እስቲ» ስትለው ሮጦ ጭኗ ላይ ይወጣ ነበር። «ከሁሉ ቀድማ በትክክል የጠራችኝ እማዬ ናት» አለኝ። «ግን አታውቀውም።»

እስካሁን አልነገራትም። መንገሩ የሱ ነው፣ የኔ አይደለም። እሷ ግን በየእሑዱ ስደውል ትጠይቀኛለች። ባለፈው እሑድም ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ለቅሶ ካወራን በኋላ «እህትሽስ እንዴት ናት?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።

«ደህና ነው» ስለ ሰውም ይባላል፣ ስለ ነገሩ ሁሉም ይባላል። እሷ የትኛውን እንደሰማች አላውቅም። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «በደንብ ይበላል?» አለችኝ።