ጥያቄን እንደ ትዕዛዝ የሰማው ማስነሻ

ወገኖቼ፣ የዛሬው ስለ ታክሲ አይደለም። የኢንጂነርነት አመል አልለቀቀኝምና ስለ ሊኑክስ ላውጋችሁ። ላፕቶፑ አልነሳ ሲለው "ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው?" ብሎ የሚደውልልኝ ወዳጅ አይጠፋም።

በፈረንጆቹ ኦገስት 2022 አርች ሊኑክስ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ግረብ የሚባለው ማስነሻ አዲስ ዕትም መጣ። ሰዉ አፕዴት አደረገ፤ የማስነሻው ኮንፊግ ፋይልም ታደሰ። ከዚያ ሪስታርት ሲደረግ፣ አንዳንዱ ማሽን ሊኑክስን ትቶ ባዮስ ውስጥ እየገባ አስቸገረ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፓኬጁ ሲታደስ አዲሶቹ ፋይሎች ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ፣ ኢኤፍአይ ክፍል ውስጥ ሆኖ ማሽኑን የሚቀሰቅሰው ፕሮግራም ያው አሮጌው ነው። አዲሱ ኮንፊግ "ወደ ባዮስ መግባት ይቻላል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። አሮጌው ማስነሻ ይህን አጠያየቅ አያውቀውም። የሰማው "ባዮስ ግባ!" የሚል ትዕዛዝ ነው፤ ገባ። ዲስፓቸሩ "ኤርፖርት መሄድ ትችላለህ?" ሲለው፣ መልስ ሳይሰጥ ባዶውን እንደሚፈተለክ ሹፌር ማለት ነው።

አርች ያኔ የሰጠው ምክር ዛሬም ይሠራል፦ ግረብ በታደሰ ቁጥር ግረብ-ኢንስቶልንም ግረብ-ኤምኬኮንፊግንም አስኬዱ። አንዱን አድሶ ሌላውን መተው ነው ጣጣው።

ስለዚህ እንዲህ የገጠማችሁ፣ እባካችሁ ዲስኩን አታጥፉ! የልጆቻችሁ ፎቶ እዚያው አለ። ከዩኤስቢ አስነሱት፣ ዲስኩ ላይ ወዳለው ሲስተም ግቡና ሁለቱን ትዕዛዞች ስጡት። ማሽኑ አልሞተም፤ አሮጌና አዲስ አልተግባቡም እንጂ።

መልካም የሥራ ሳምንት!